‘ጮ’ን ለማግኘት ከ‘ጨ’ መነሳት

ባለፈው ክረምት ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ካርዷ ላይ “ቬሪ ጉድ” ተጽፎላት፣ እኔም ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼ ጨርሻለሁ። አንድ ማታ የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ መጣችና “ማሚ፣ ላንብብልሽ?” አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። “አንብቢ” አልኳት። ጥርት አድርጋ አነበበችው። አራት ነጥቡ ጋ ታርፋለች፤ ጥያቄው ጋ ድምጿን ታነሳለች። ደስ ብሎኝ ልስማት ጎንበስ ስል ዓይኔ መጽሐፉ ላይ አረፈ። የምታነብልኝ ስለ ጥንቸል ነው። የተከፈተው ገጽ ስለ እጅ መታጠብ ነው።

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ ምስሩን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ገጽ ገልጬ “ጮኹ” የሚለው ቃል ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። “ይሄ ምንድነው?” አልኳት። ዝም አለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማኋት፦ “ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጫ፣ ጬ፣ ጭ... ጮ!” ‘ጮ’ን አገኘችው። ‘ኹ’ ጋ ስትደርስ እንደገና ሌላ ቆጠራ ጀመረች። እሱን ስታገኝ ‘ጮ’ ጠፍቷታል።

የቤቱን አባት ታውቃለች፤ ልጆቹን ግን በተራ ካልጠራቻቸው አታውቃቸውም። 33 በ7፣ 231 ፊደል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዘምረው የከረመችው ዘፈኑን ነው።

መምህሯን ሄጄ ጠየቅኳት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ደክሟታል። “ክፍል ውስጥ እኮ ጎበዝ ናት፤ ሁሌ አብራ ትላለች” አለችኝ። አብራ ትላለች! ከሃምሳ ምናምን ልጅ ጋር አብሮ ማለት ማንን ያቅታል? የልጄን ድምፅ ለብቻው የሰማ ሰው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እኔንም ጨምሮ።

ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። መንዝ ነው የተወለደው፤ ፊደል የቆጠረው የቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። “አቡጊዳ አላስቆጠርሻትማ!” አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ዕድሜዬን ሁሉ አቡጊዳ ማለት የፊደል ሌላ ስሙ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ወረቀት አምጪ አለና ጻፈልኝ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ‘አ’ ከግዕዙ፣ ‘ቡ’ ከካዕቡ፣ ‘ጊ’ ከሣልሱ፣ ‘ዳ’ ከራብዑ... እያለ በሰያፍ ይወርዳል። “ሀ ሁን የሸመደደ ልጅ ሁሉ አንባቢ ይመስላል” አለኝ። “አቡጊዳ ላይ ግን ተራው ይበተናል። ያወቀና ያላወቀ እዚያ ይለያል።” ልጁ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ፣ ለብቻው፣ የኔታ ፊት ይቆጥራል። የኔታ ካልተመቻቸው ከፍ ያለው ተማሪ ይሰማዋል። የሚሰማው ሰው ሳይኖር ያለፈ ልጅ የለም።

ያንን ዘመን ላሞግስ አይደለም። አርጩሜው ነበረ። አባቴ ዛሬም የአንዱን ጠባሳ ያሳየናል፤ እንደ ሜዳልያ ነው የሚያሳየው። አክስቴ ደግሞ ከሱ በሁለት ዓመት ብትበልጥም አብራው አልተላከችም፤ ጥጃ ስትጠብቅ አደገች። ግን አቡጊዳን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ነገር ገብቶታል። በተራ ብቻ የሚመጣ እውቀት ገና እውቀት አልሆነም።

ይቺን ነገር ከያዝኩ ወዲህ የራሴን ትምህርት ቤት ማስታወስ ጀመርኩ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። የፕላዝማ ልጆች ነን። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፦ ክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ እንግሊዝኛ። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። መሃሉ የፕላዝማው ነው። የፊዚክስ መምህራችን፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ከኛ ጋር ያዩ ነበር።

ጥያቄ ይጠይቃል እኮ። “አክቲቪቲ ዋን” ይልና ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። እኛ ገና ጥያቄውን ስንተረጉም ሰዓቱ ያልቃል። ከዚያ ፈገግ ብሎ “ቬሪ ጉድ!” ይለናል። ለማን እንደሆነ እንጃ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ቀረ ማለት ነው፤ ነገ ምዕራፉ ቀጥሎ ይመጣል እንጂ አይጠብቅህም። የልጄን ካርድ ዳግመኛ ሳየው ትዝ ያለኝ ያ ድምፅ ነው። ያላየውን ልጅ “ቬሪ ጉድ” የሚል።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መምህር ለሌለበት ወረዳ የተሻለ ትምህርት ለማድረስ ነው የታሰበው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ3 ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2010 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን አልፏል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የአክስቴ የልጅ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ችግሩ በሩ ሲከፈት የሚሰማ ጆሮ አብሮ አልበዛም። የዓለም ባንክ “የመማር ድህነት” የሚለው ስሌት አለው፦ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ይችላል ወይስ አይችልም? በኢትዮጵያ የማይችሉት 90 በመቶ ተብለው ተመዝግበዋል። ብቻችንን አይደለንም። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች በሙሉ ሲደምሩ፣ ከኮቪድ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ግምቱ 70 በመቶ ደርሷል።

ከዚያ ልጆቹ ያድጋሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ። በዓመቱ 3.2፣ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት 5.4። ያኔ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ክርክሩ አንድ ነበር፤ ፈተናው ከብዶ ነው፣ ልጆቹ ሰንፈው ነው፣ ቲክቶክ ነው። እኔም በየቦታው አስተያየት ስሰጥ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት በተራ ሲቆጥሩ የኖሩ ልጆች ፊት አንድ ቀን አቡጊዳ ነው የተዘረጋው።

መድኃኒቱ የሮኬት ሳይንስ እንዳልሆነ ያወቅኩት ስለ ሕንዱ የትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ስለ ፕራተም ሳነብ ነው። ሥራቸው የጀመረው ሙምባይ ውስጥ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አንዲት ወረቀት ያሳያሉ፦ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ታሪክ። ልጁ የቱ ጋ እንደሚቆም ለብቻው ይሰሙታል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲሁ ከሰሙ በኋላ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ክፍሉን አፍርሰው እንደ አዲስ ይመድቡታል። አምስተኛ ክፍል ሆኖ ቃል የማያነብ ከሦስተኛ ክፍሉ ጋር ይቀመጣል፤ እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ንባቡ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ውስጥ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይህንን ሥራ ለዓመታት በሙከራ የተከታተሉ ናቸው። ዛምቢያም ወስዳ እየሠራችበት ነው። እኛም ጋ የሚዛመደው አለ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ የተከፈቱት ስፒድ ስኩሎች ትምህርት ያቋረጡ ከ9 እስከ 14 ዓመት ልጆችን ሠላሳ ገደማ እያደረጉ የሦስት ክፍል ትምህርት በአሥር ወር ያስጨርሷቸዋል።

ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። አንዲት ወረቀት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የሚሰማ ሰው። ስንደዶ ብቻ ነው የጎደለው።

ወንድሜ ግን በዚህ ሁሉ አልተደነቀም። “እንኳን ፊደል፣ ሞተርም እንዲያ ነው የተማርነው” አለኝ።

ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣለትም። በዚያ ጊዜ ነጥብ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል። አባቴ ለሳምንት አላናገረውም። በአባቴ ወጣትነት ተግባረ እድ መግባት ኩራት ነበር፤ እጅ የሚያውቅ ሰው ደመወዙን በኩራት ይበላል። እኛ ዘመን ላይ “ቴክኒክ ገባ” ማለት “ወደቀ” የሚለውን በትህትና መናገሪያ ሆነ። ሙያን የወደቀ ሰው መጠለያ ካደረግነው በኋላ ባለሙያ ጠፋ ብለን እናማርራለን። እናቴ ለጎረቤት “አውቶ እየተማረ ነው” ነበር የምትለው፤ የትምህርት ቤቱን ዓይነት ዘልላ።

ኮሌጁ ውስጥ ሠላሳ ልጅ አንድ ሞተር ይከባል። 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይባላል። “ስድስት ጊዜ ፈትተን ገጥመነዋል” ይላል ወንድሜ፤ “አንድ ቀን እንኳ ሲነሳ አልሰማሁትም።” ሞተሩ ከመኪና ከወጣ ቆይቷል፤ ነዳጅ አያውቅም። የብሎኖቹን ተራ ሁሉም ልጅ በቃሉ ይዞታል። ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ሲደርስም የትኛው ሥራ ለምዘና እንደሚቀርብ ቀድሞ ይወራል፤ እሱን በተራው ይለማመዱታል። አለፈ። ሰርተፊኬት ይዞ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ሄደ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀቱን ገልብጠው እንኳ አላዩትም። “ኪስህ ክተታትና ያንን መኪና ሥራ” አሉት። መኪናው ይሠራል፤ ግን ይንፈራገጣል። ምኑን ነው የምፈታው? ከየት ነው የምጀምረው? ብልሽት በተራ አይመጣም።

እኚያ ሰውዬ ለወንድሜ የኔታ ሆኑት። ካቻቢቴ አቀብል፣ ፒንሳ አቀብል ከሚለው ጀምሮ። አንድ ነገር ሠርተው ሲጨርሱ “አየህ?” ይሉታል። “አየሁ” ካለ መልሰው ይፈቱትና “እስቲ ያየኸውን” ይሉታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ደመወዝ ብሎ ነገር የለም፤ ምሳና አልፎ አልፎ የኪስ ገንዘብ። ብዙ ልጅ ይህን አይችለውም፤ ቤተሰቡ ይራባል። ወንድሜ የቻለው እናቴ ስለመገበችው ነው። ይህ መንገድ ለሁሉም ልጅ ክፍት ነው ብዬ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

የአክስቴ ልጅ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ፣ ይህንኑ ሙያ እየተማረ ነው። አውስቢልዱንግ ይሉታል። ሦስት ዓመት ተኩል ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን ጋራዥ። ከጋራዡ ጋር ውል ፈርሟል፤ ይከፈለዋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተለማማጅ ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ተወስኗል፤ ሲጀመር የመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ነበር። እኔን ግን የገረመኝ ገንዘቡ አልነበረም። ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በየሳምንቱ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተማረ ይጽፋል፤ አሠልጣኙ አይቶ ይፈርማል። ደብተሩ ካልተሟላ የመጨረሻው ፈተና ላይ አይቀመጥም። “አየህ?” የሚለውን የሽማግሌውን ጥያቄ በፊርማ አድርገውታል ማለት ነው። እሱ ግን ያማርራል። ብሎን መፍታቱ አልከበደውም፤ የከበደው መጻፉ ነው። አብረውት ከጀመሩት ስደተኞች ያቋረጡት በሙሉ እጃቸው ጥሩ ነበር ይላል። የጣላቸው ንባቡ ነው።

ይሄን ያለኝ ቀን በነጋታው ወንድሜ ጋራዥ ሄድኩ። አሁን የራሱ አለው፤ ሦስት መኪና የምትይዝ። አንድ ረዳት አለው፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ከወሎ የመጣ። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል፤ ልጁ ግን ሥራ የጀመረው ከዚያ በፊት፣ ሌላ ቦታ ነው። አምስተኛ ክፍል ደርሷል። ጆሮው ተአምር ነው። ቪትዝ ከበሩ ውጪ ሲመጣ ሰምቶ “አንዱ ካንዴላ አይሠራም” ይላል፤ ሳይሳሳት።

ያን ቀን የመኪናን ብልሽት በኮድ የሚያሳይ ስካነር ሰክቶ ሲያይ አየሁት። ማያው ላይ ፒ 0301 ወጣ። “አንደኛው ሲሊንደር ነው” አለ። ወዲያው። ጎበዝ! አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ሌላ መኪና መጣ፤ ሌላ ኮድ። ልጁ ዝም አለ። ከኮዱ ስር ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሞዴሉና ምክንያቱ። በስልኩ ፎቶ አነሳና ቴሌግራም ላይ ለሆነ ሰው ላከው። ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሜን ጠየቅኩት። “ሰባት ኮድ ያውቃል” አለኝ፤ “ስምንተኛው ሲመጣ ይቆማል።”

ስምንተኛው እየመጣ ነው ደግሞ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። አሁን ወንድሜ በር ላይ ቢዋይዲ፣ የቻይናው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ይቆማል። የነዳጅ ሞተር የለውም። ያ ተአምረኛ ጆሮ የሚሰማው ነገር የለም። ከወለሉ ስር ብርቱካናማ ኬብል አለ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድበት። መመሪያው በቻይንኛ ነው፤ ከተገኘም በእንግሊዝኛ። የአክስቴ ልጅ የሚማርበት ሙያ ጀርመን ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከፍተኛ ቮልት የራሱ ክፍል አለው። እዚህ ወንድሜ ለልጁ ያለው ትምህርት አንድ ቃል ነው። “አትንካ!”

ስለ ሥራ ክህሎት ስብሰባ ሲደረግ ኮዲንግ፣ ዲጂታል፣ ኢንተርፕረነርሺፕ ይባላል። ይባል፣ ጥሩ ነው። ግን ንባብ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ፣ ሙያ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ለየብቻ ሲወራ ስሰማ ያቺ ጋራዥ ትታየኛለች። ልጁን ያቆመው የካቻቢቴ እጥረት አይደለም። ሁለተኛ ክፍል ላይ ማንም ለብቻው አልሰማውም፤ ሒሳቡን አሁን እየከፈለ ነው።

ልጄ በዚያን ሰሞን የአቡጊዳ ወረቀቷን በየሄድንበት ትይዝ ነበር። አባቴ የጻፈላት ነው፤ ፕላስቲክ አልብሰነዋል። ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ስትቆጥር ልጁ ሥራውን ትቶ አያት። ልንሄድ ስንል ቀስ ብሎ ተከተለኝ።

“እትዬ፣ ይቺን ወረቀት ፎቶ ላንሳት?”

“ለምንህ?”

“እንዲሁ።” ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ “ለጋሼ ግን አይንገሩብኝ” አለ።

አልነገርኩም። ይህን ለመጻፍም ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ “ስሜን ካልጻፉ” ብሏል። ወንድሜ እንደሆነ ከፌስቡክ የመኪና ሽያጭ ውጪ ምንም አያነብም።

አሁን እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ይመጣል። እጁን በኦሞ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማስቆጥረው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጄ ቦታዬን ወሰደችው። ስንደዶ ስለሌለን በእስክሪብቶ ነው የምትነካው። ክፉ መምህር ናት፤ አታዝንም። ባለፈው እሑድ ወጥ እያማሰልኩ እሰማቸዋለሁ። “ማርሽ” ሲል አነበበ። “ፍሬን” አለ። ቀጥላ አንድ ቃል ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች፤ ዝም አለ። ቆየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ “ጨ፣ ጩ፣ ጪ...” ሲል ሰማሁት።

“ከመጀመሪያ መጀመር የለም!” ብላ ጮኸችበት።